3600 ከ2882 ይበልጣልን? የቼዝ ኮምፒዩተሮችንና የሰው ሻምፒዮኖችን ጥንካሬ ስለ መለካት

ቼዝ በሚወዱ ተማሪዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ስሌት አለ። ኖርዌያዊው ማግኑስ ካርልሰን በ2014 የደረሰበት 2882 ነጥብ እስከ ዛሬ የሰው ልጅ በይፋ ካስመዘገባቸው የቼዝ ደረጃዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ስቶክፊሽ የተሰኘው ፕሮግራም ደግሞ በኮምፒዩተሮች የደረጃ ዝርዝር ላይ 3600 ያህል ነጥብ ይዞ ይታያል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሰውን በ718 ነጥብ ይበልጣል ይባላል።

ቅነሳው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚያቀርብ ተማሪ ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ቁጥሮቹ የተለኩት በምን መለኪያ ነው? የስሕተት ወሰናቸው ስንት ነው? ሁለቱስ በአንድ መለኪያ የተለኩ ናቸውን? በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን። አንባቢው እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተለን ይጠቀማል፤ ከሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ያለፈ ዕውቀት አያስፈልገውም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የቃል ማስታወሻ እናስቀድም። ቼዝ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ ከፋርስና ከዐረብ የመጣው የጥንቱ ዓይነት ጨዋታ «ሰንጠረዥ» ተብሎ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ሲዘወተር ኖሯል። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ቁጥሮች የሚደረደሩበትን ሠንጠረዥ የምንጠራውም በዚሁ ስም ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ግን ስለ ዓለም አቀፉ ቼዝ ነው።

መለኪያው

የቼዝ ደረጃ መለኪያን የሠራው አርፓድ ኤሎ በሙያው የፊዚክስ መምህር ነበር። በሀንጋሪ የተወለደው ኤሎ በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ በሚገኘው የማርኬት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምሯል። ያዘጋጀውን ዘዴ የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970 ተቀብለውታል።

የዘዴው መነሻ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የተጫዋች ችሎታ በቀጥታ አይታይም፤ የሚታየው የጨዋታው ውጤት ብቻ ነው። ድል 1፣ አቻ 0.5፣ ሽንፈት 0 ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ቢገናኙ፣ የአንደኛው አማካይ ውጤት በሁለቱ መካከል ባለው የነጥብ ልዩነት ይወሰናል። አማካዩን ውጤት «ው»፣ የነጥብ ልዩነቱን «ል» ብለን ብንሰይማቸው፣ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

ው = 1 ÷ (1 + 10^(−ል ÷ 400))

እዚህ ላይ «^» የሚለው ምልክት ቀጥሎት ያለው ቁጥር የ10 አርቢ መሆኑን ያመለክታል። ቀመሩን ብንገለብጠው፣ ከታወቀ ውጤት ተነሥተን ልዩነቱን ማግኘት እንችላለን፦

ል = 400 × ሎግ [ው ÷ (1 − ው)]

ሎጋሪዝሙ መሠረቱ 10 የሆነው ነው። ጥቂት ምሳሌዎችን በሠንጠረዥ እንመልከት።

ሠንጠረዥ 1፦ የነጥብ ልዩነትና የሚጠበቀው አማካይ ውጤት
ልዩነት 0 ሲሆን፦ 0.50
ልዩነት 100 ሲሆን፦ 0.64
ልዩነት 200 ሲሆን፦ 0.76
ልዩነት 400 ሲሆን፦ 0.91
ልዩነት 718 ሲሆን፦ 0.98

የመጨረሻውን መስመር በቃላት ብናስቀምጠው፣ የ718 ነጥብ ልዩነት እውነት ከሆነ ካርልሰን ከስቶክፊሽ ጋር 100 ጊዜ ቢጫወት በድምሩ የሚያገኘው ውጤት ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ይህም ሦስት ጨዋታዎችን አቻ ወጥቶ ሌላውን ሁሉ እንደ መሸነፍ ነው።

አንባቢው በቀመሩ ውስጥ አንድ ነገር ያስተውል። በቀመሩ ውስጥ የሚገኘው ልዩነት ብቻ ነው። ለተጫዋቾች ሁሉ 1000 ነጥብ ቢጨመርላቸው የሚለወጥ ነገር የለም። በዚህ ረገድ የኤሎ ነጥብ ከኤሌክትሪክ ፖቴንሺያል ጋር ይመሳሰላል፤ ዜሮው የት ይሁን የሚለው የስምምነት ጉዳይ ሲሆን ትርጉም ያለው በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህን ንጽጽር ቆይተን እንመለስበታለን።

ከስድስት ጨዋታ ምን ይታወቃል?

ክላውድ ሻነን ኮምፒዩተር ቼዝ እንዴት ሊጫወት እንደሚችል የሚያብራራ ጥናቱን ያሳተመው በ1950 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ፕሮግራሞች ቀስ በቀስ እየጠነከሩ መጡ። ዴቪድ ሌቪ የተባለው የስኮትላንድ ተጫዋች በዐሥር ዓመት ውስጥ ኮምፒዩተር አያሸንፈኝም ብሎ በ1968 ተወራረደ፤ በ1978ም ውርርዱን አሸነፈ። በ1989 ግን ዲፕ ቶት የተሰኘው ኮምፒዩተር 4 ለ 0 ረታው።

በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው የዲፕ ብሉና የዓለም ሻምፒዮኑ የጋሪ ካስፓሮቭ ፍልሚያ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የሠራው ይህ ኮምፒዩተር በ1996 በፊላደልፊያ 4 ለ 2 ተሸንፎ ነበር። ከተሻሻለ በኋላ በሜይ 1997 በኒው ዮርክ በተደረገው ግጥሚያ 3.5 ለ 2.5 አሸነፈ። በማግሥቱ የዓለም ጋዜጦች «ማሽን ሰውን በለጠ» ሲሉ ጻፉ። ከዚያ ግጥሚያ ይህን ማለት ይቻል ነበርን?

እንቊጠር። የዲፕ ብሉ ውጤቶች በቅደም ተከተል 0፣ 1፣ 0.5፣ 0.5፣ 0.5፣ 1 ነበሩ። አማካያቸው 3.5 ÷ 6 = 0.583 ነው። ይህን በተገለበጠው ቀመር ውስጥ ብናስገባው ል = 58 ነጥብ እናገኛለን። ስለዚህ የልዩነቱ ግምት ዲፕ ብሉ በ58 ነጥብ ይበልጣል የሚል ነው።

ቀጥሎ የስሕተት ወሰኑን እንፈልግ። እያንዳንዱ ውጤት ከአማካዩ የራቀበትን መጠን ወስደን፣ ዳግም ርቢውን አስልተን፣ ስድስቱን ብንደምር 0.708 ይሆናል። ለ6 ስናካፍለው 0.118፣ ዳግም ዘሩን ስንወስድ 0.344 ይመጣል። ይህ ቁጥር አንድ ጨዋታ ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይነግረናል። የአማካዩን ስሕተት ለማግኘት በጨዋታዎቹ ብዛት ዳግም ዘር፣ ማለትም በ2.45 እናካፍለዋለን፤ ውጤቱ 0.14 ነው።

በተለመደው አሠራር የዚህን እጥፍ ወደ ላይም ወደ ታችም ብንወስድ፣ እውነተኛው አማካይ ከ0.30 እስከ 0.86 ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ኤሎ ነጥብ ሲመነዘር ይህ ከ −147 እስከ +315 ነው። በሌላ አነጋገር የ1997ቱ ግጥሚያ ብቻውን ዲፕ ብሉ ከካስፓሮቭ በ300 ነጥብ ይበልጣል ከሚለውም፣ በ100 ነጥብ ያንሳል ከሚለውም መላ ምት ጋር ይስማማል። ስድስት ጨዋታ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት በጣም ጥቂት በመሆኑ ወሰኖቹ ራሳቸው ግምታዊ ናቸው፤ መደምደሚያው ግን አይለወጥም።

የአንድ ጨዋታን ክብደት ለማየት ሁለተኛውን ጨዋታ እናስብ። ካስፓሮቭ እጅ በሰጠበት አቀማመጥ አቻ ለማውጣት የሚያስችል መንገድ እንደ ነበረው ወዲያው በተደረገ ትንተና ተገልጿል። ያን ጨዋታ አቻ ቢወጣ ኖሮ የግጥሚያው ውጤት 3 ለ 3 በሆነ ነበር። የ1996ቱንና የ1997ቱን 12 ጨዋታዎች በአንድነት ብንደምርም ካስፓሮቭ 6.5 ለ 5.5 ይመራል። ሳንቲም ስድስት ጊዜ ወርውሮ አራት ጊዜ ዘውድ ያየ ሰው ሳንቲሙ ወደ ዘውድ ያደላል ብሎ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ከዚህም ግጥሚያ ስለ ጥንካሬ ብዙ መናገር አይቻልም። ዲፕ ብሉ ግጥሚያውን ማሸነፉ የማይታበል ታሪክ ነው፤ ከሻምፒዮኑ የጠነከረ መሆኑ ግን በዚያ ግጥሚያ የተረጋገጠ አልነበረም።

አንድ ሺህ ጨዋታዎች

አሁን ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ልኬት እንውሰድ። ዲፕማይንድ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው አልፋዜሮ የሰው ጨዋታ ሳይመለከት፣ የቼዝን ሕግ ብቻ ተሰጥቶት ከራሱ ጋር በመጫወት የተማረ ፕሮግራም ነው። በ2018 መጨረሻ በታተመው ጥናት መሠረት ከስቶክፊሽ ጋር 1000 ጨዋታዎችን አድርጎ 155 አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ፣ 839ኙን አቻ ወጣ።

አማካዩ (155 + 419.5) ÷ 1000 = 0.5745 ነው፤ ል ደግሞ 52 ነጥብ ይሆናል። አንባቢው ይህን ቁጥር ከቀደመው ጋር ያስተያየው። ዲፕ ብሉ ከካስፓሮቭ 58፣ አልፋዜሮ ከስቶክፊሽ 52። ሁለቱ ልኬቶች አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

የስሕተት ወሰናቸውን ስንፈልግ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። በዚህኛው ግጥሚያ አቻ ስለ በዛ የአንድ ጨዋታ መዋዠቅ 0.186 ብቻ ነው። በ1000 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ31.6 ስናካፍለው የአማካዩ ስሕተት 0.006 ይሆናል። እጥፉን ወስደን ወደ ኤሎ ስንመነዝር ልዩነቱ ከ44 እስከ 60 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ አንደኛውን ልኬት «58፣ ምናልባትም ከ −147 እስከ +315»፣ ሁለተኛውን «52፣ ሲበዛ 8 ቢጨመር ወይም ቢቀነስ» ብለን መጻፍ ይገባናል። የስሕተት ወሰን ያልተጻፈለት ቁጥር አንባቢውን የሚያሳስተው እንዲህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ በማንኛውም ሙከራ ይሠራል፤ ስሕተትን በግማሽ ለመቀነስ የልኬቱን ብዛት በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል።

በጨዋታ ብዛት የማይታረም ስሕተት

ብዙ መለካት የሚያጠፋው በአጋጣሚ የሚመጣውን ስሕተት ብቻ ነው። ሚዛኑ ራሱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሺህ ጊዜ ቢመዘንም አይቃናም።

በ1997 ካስፓሮቭ የዲፕ ብሉን የቀደሙ ጨዋታዎች ለማየት አልቻለም፤ ከታላላቅ ሰዎች ጋር ሲገጥም ግን የተጋጣሚውን ጨዋታዎች ማጥናት የዝግጅቱ ዋና ክፍል ነበር። የዲፕ ብሉ ባለሙያዎች ደግሞ በጨዋታዎች መካከል ፕሮግራሙን ማስተካከል ይፈቀድላቸው ነበር። ቭላዲሚር ክራምኒክ በ2006 ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር በቦን ሲጋጠም በአንጻሩ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ተሰጥቶት ነበር። ሁለቱ ግጥሚያዎች የተለያየ ነገር ይለካሉ ማለት ነው።

አልፋዜሮም ከዚህ ነፃ አልነበረም። በ2017 መጨረሻ ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ግጥሚያ ከ100 ጨዋታ 28 አሸንፎ 72 አቻ ሲወጣ፣ ለስቶክፊሽ የተሰጠው ማኅደረ ትውስታ አነስተኛ መሆኑና ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ደቂቃ ብቻ መመደቡ ትችት አስከትሏል። ከላይ የጠቀስነው የ1000 ጨዋታ ልኬት ይህን አስተካክሏል፤ ነገር ግን አልፋዜሮ ለነርቭ መረብ ስሌት በተለይ በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ፣ ስቶክፊሽ ግን በተለመዱ ፕሮሰሰሮች ላይ ስለ ሠሩ ፍጹም የእኩል ውድድር ነው ለማለት አሁንም ያስቸግራል።

የስሌት ፍጥነትም ቢሆን የጥንካሬ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጦችን ይመረምር ነበር። በ2006 ክራምኒክን 4 ለ 2 ያሸነፈው ዲፕ ፍሪትዝ 8 ሚሊዮን ያህል ይመረምር ነበር። በ2018ቱ ግጥሚያ ስቶክፊሽ በሰከንድ 60 ሚሊዮን ሲመረምር አልፋዜሮ 60 ሺህ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቁም ነገሩ ስንት አቀማመጥ ታየ ሳይሆን የትኛው ታየ፣ እንዴትስ ተመዘነ የሚለው ነው። ስቶክፊሽ ራሱ ከ2020 ጀምሮ አቀማመጥን የሚመዝን የነርቭ መረብ ጨምሯል።

ሁለት ያልተገናኙ ሰርኪዩቶች

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ወደ 3600 እና 2882 እንመለስ። የኤሎ ነጥብ እንደ ኤሌክትሪክ ፖቴንሺያል ልዩነትን ብቻ የሚለካ ነው ብለናል። ሁለት ባትሪ ያላቸው፣ በሽቦ ያልተገናኙ ሁለት ሰርኪዩቶችን እናስብ። በመጀመሪያው ውስጥ አንድ ነጥብ 9 ቮልት፣ በሁለተኛው ውስጥ አንድ ነጥብ 12 ቮልት ነው ብንል፣ ሁለተኛው በ3 ቮልት ይበልጣል ማለት አንችልም፤ የጋራ ዜሮ የላቸውምና። የሰዎችና የኮምፒዩተሮች የደረጃ ዝርዝሮች ሁኔታ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ካርልሰን ነጥቡን ያገኘው ከሰዎች ጋር ተጫውቶ ነው፤ ስቶክፊሽ ደግሞ ከኮምፒዩተሮች ጋር።

በእርግጥ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጭን ሽቦ አለ። የስዊድን የቼዝ ኮምፒዩተር ማኅበር ከ1984 ጀምሮ ባዘጋጀው ዝርዝር ዜሮውን ለማስተካከል ኮምፒዩተሮች ከስዊድን ተጫዋቾች ጋር ያደረጓቸውን ጨዋታዎች ተጠቅሟል። ሆኖም በ2000 ዝርዝሩ በሙሉ በ100 ነጥብ ዝቅ እንዲል ተደረገ። አንድም ፕሮግራም ሳይዳከም የሁሉም ቁጥር መቀነሱ የዜሮውን የስምምነት ጠባይ በግልጽ ያሳያል።

በዚያው ዓመት ዲፕ ጁኒየር በጀርመን በዶርትሙንድ ከታላላቅ ግራንድማስተሮች ጋር ተሰልፎ ከ9 ጨዋታ 4.5 አገኘ። ክራምኒክ በ2002 በባሕሬን ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር 4 ለ 4፣ ካስፓሮቭ በ2003 ከዲፕ ጁኒየር ጋር 3 ለ 3 ተለያዩ። በ2005 በለንደን ሃይድራ የተሰኘው የአቡ ዳቢ ኮምፒዩተር በወቅቱ ከዓለም ምርጥ ዐሥር ተጫዋቾች አንዱ የነበረውን ማይክል አዳምስን 5.5 ለ 0.5 ረታ። በ2006 የክራምኒክ ሽንፈት ተከተለ። በ2009 ደግሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚሠራው ፖኬት ፍሪትዝ 4 በቦነስ አይረስ በተደረገ ውድድር ከ10 ጨዋታ 9.5 አገኘ፤ ይህ ስልክ በሰከንድ የሚመረምረው ከ20 ሺህ አቀማመጥ በታች ነበር።

ከ2006 ወዲህ በሥልጣን ላይ ያለ የዓለም ሻምፒዮን ከዋና ፕሮግራም ጋር በእኩል ሁኔታ ይፋዊ ግጥሚያ አላደረገም። ስለዚህ የዛሬውን ስቶክፊሽ ከሰው ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ብቻ ነው፤ የ2006ቱ ፕሮግራም ሰውን አሸነፈ፣ ቀጣዩ ያንን አሸነፈ፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን አሸነፈ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

በሰንሰለት ውስጥ ስሕተት ይከማቻል። እያንዳንዱ አገናኝ የ8 ነጥብ የአጋጣሚ ስሕተት ቢኖረውና 16 አገናኞች ቢኖሩ፣ ጠቅላላው ስሕተት 8 × 4 = 32 ነጥብ ይሆናል፤ 4 የ16 ዳግም ዘር ነውና። ይህ ያን ያህል አያስፈራም። ነገር ግን እያንዳንዱ አገናኝ ወደ አንድ አቅጣጫ በ5 ነጥብ ብቻ ቢያዘነብል፣ ስሕተቱ በቀጥታ ተደምሮ 80 ነጥብ ይደርሳል። ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ የሚታየው ልዩነት ከሰው ጋር ሲጫወቱ ከሚታየው ጋር እኩል ለመሆኑ ዋስትና የለም። በዚያ ላይ ጠንካሮቹ ፕሮግራሞች ረጅም ጊዜ ተሰጥቷቸው ከተለመደው አነሣሥ ሲጫወቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አቻ ስለሚወጡ፣ የውድድር አዘጋጆች አንደኛው ወገን አስቀድሞ ብልጫ ካገኘበት አቀማመጥ እንዲጀምሩ ያደርጋሉ። አነሣሡ ሲለወጥ ልኬቱም ይለወጣል።

ሌሎች የመለኪያ መንገዶች

አንደኛው መንገድ ሚዛኑ እስኪስተካከል ድረስ ለደካማው ወገን ማካካሻ መስጠት ነው። በ2016 መጀመሪያ አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ ከተሰኘው ፕሮግራም ጋር አራት ጨዋታዎችን አደረገ፤ በየጨዋታው ኮምፒዩተሩ አንድ ወታደር አጥቶ ወይም ሌላ ጉዳት ተሸክሞ ይጀምር ነበር። ሦስቱ አቻ ሆነው አራተኛውን ኮሞዶ አሸነፈ። ይህ ዘዴ የጥንካሬውን ልዩነት በሰሌዳው ላይ በሚታይ ነገር ይለካዋል።

ሁለተኛው መንገድ እርምጃዎችን አንድ በአንድ መመርመር ነው። ማቴይ ጉይድና ኢቫን ብራትኮ በ2006 ባሳተሙት ጥናት የዓለም ሻምፒዮኖችን እርምጃዎች ክራፍቲ ከተባለ ፕሮግራም ምርጫ ጋር አነጻጽረው አነስተኛ ስሕተት የተገኘበት ካፓብላንካ መሆኑን ዘግበዋል። ክራፍቲ ከአንዳንዶቹ ሻምፒዮኖች ይዳከማል የሚል ትችት ቀርቦባቸዋል፤ መለኪያው ከሚለካው ነገር ይልቅ ትክክለኛ መሆን አለበት የሚለው የቤተ ሙከራ መመሪያ እዚህም ይሠራል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ 3600 ከ2882 ይበልጣልን? አቅጣጫውን በተመለከተ ጥርጣሬ የለም። ከ2002 እስከ 2009 የተመዘገቡት ግጥሚያዎች በተናጠል ደካማ ማስረጃ ቢሆኑም አንድ ላይ ሲታዩ ወደ አንድ ወገን ያመለክታሉ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቹ ከቀደሙት ፕሮግራሞች በብዙ እጥፍ ተሻሽለዋል፤ በ2016ቱ የማካካሻ ግጥሚያ እንኳ ናካሙራ አላሸነፈም። የዛሬው ኮምፒዩተር ከማንኛውም ሰው ይጠነክራል። «718» የሚለው ቁጥር ግን ልኬት አይደለም። የጋራ ዜሮ ከሌላቸው ሁለት ዝርዝሮች የተወሰደ ቅናሽ ነው፤ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ በብዙ ነጥብ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል።

ይህ ለቼዝ ብቻ የተነገረ አይደለም። ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ወይም ስለ መድኃኒት ብቃት ቁጥር በቀረበልን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ፦ በምን ተለካ? ወሰኑ ስንት ነው? ከምን ጋር ተያይዞ?

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በ2006 በቦን ዲፕ ፍሪትዝ 2 ጨዋታ አሸንፎ 4 አቻ ወጣ። የነጥብ ልዩነቱንና የስሕተት ወሰኑን አስሉ። (መልስ፦ 120፤ ከ −18 እስከ +314 ገደማ)

2. ሃይድራ አዳምስን 5 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቷል። የአማካዩን የላይኛ ወሰን ስታሰሉ ከ1 በላይ ይወጣል። ይህ ስለ ተጠቀምንበት ዘዴ ምን ይነግረናል?

3. የአንድ ጨዋታ መዋዠቅ 0.344 ከሆነ፣ የአማካዩ ስሕተት ወደ 0.01 ዝቅ እንዲል ስንት ጨዋታ ያስፈልጋል? (መልስ፦ 1200 ገደማ) አንድ የዓለም ሻምፒዮን በቀን አንድ ጨዋታ ቢያደርግ ይህ ስንት ዓመት ይፈጃል?